ትምህርት ቤት በማን እጅ ይሁን? በአሜሪካ ምድር ስለ ኖረው ክርክር

ንጉሥ ሰሎሞን ከፈረዳቸው ፍርዶች ሁሉ ዝናው የሚበልጠው የሁለቱ ሴቶች ነገር ነው። ሁለቱም ሕፃኑን የእኔ ነው አሉ፤ ለሁለቱም ምስክር አልተገኘላቸውም፤ ንጉሡም እናቲቱን ያወቃት በክርክሯ ብርታት ሳይሆን ሰይፍ በተመዘዘ ጊዜ በራራው አንጀቷ ነው። በአሜሪካም፥ የቀደሙት ጸሐፊዎቻችን ኤታዙኒ እያሉ በጠሯት አገር፥ ሁለት ወገኖች አንድ ሕፃን ይዘው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲካሰሱ ኖረዋል። ባለ ጉዳዮቹ በአንድ በኩል የመላው አገር መንግሥት፥ እነርሱ ፌዴራል የሚሉት፥ በሌላው በኩል ደግሞ በየራሳቸው ምክር ቤትና በየራሳቸው ዳኛ የሚተዳደሩት ግዛቶች ናቸው። ሕፃኑ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው።

ነገሩ በቅርቡ እንደ ገና ተነሥቷል። ማርች 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የፌዴራሉን የትምህርት ሚኒስቴር ወደ መዝጋት የሚያደርስ ሥራ እንዲጀመር፥ ሥልጣኑም ወደ ግዛቶች እንዲመለስ የሚያዝ ጽሑፍ ፈረሙ። ሚኒስቴሩ በሕግ የቆመ ስለ ሆነ፥ ምክር ቤቶቹ ሌላ ሕግ ካላወጡ በቀር በፊርማ ብቻ አይፈርስም። በዋሽንግተን፥ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸውና፥ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነውን? ብለው ቢጠይቁ አያስደንቅም። አይደለም፤ በየመንደሩ ያሉት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የግዛትና የወረዳ ናቸው እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት ንብረት ሆነው አያውቁም። ከወጪያቸውም ማዕከሉ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አሥር ያህል ነው። ታዲያ እንዲህ ጥቂት በሆነ ድርሻ ላይ ይህን ያህል ጠብ ስለ ምን ሆነ? ይህን ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በዚያ ምድር ከተደነገጉት የትምህርት ሕጎች በዕድሜ ከሚቀድሙት አንዱ ከሃይማኖት የወጣ ነው። በ1647 ማሳቹሴትስ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ሳለች፥ የሸንጎዋ ሰዎች ሰይጣን የሚደክመው ሰውን ከመጻሕፍት ዕውቀት ለማራቅ ነው ብለው፥ ሃምሳ አባወራ ያለበት መንደር ሁሉ ንባብና ጽሕፈት የሚያስተምር መምህር እንዲይዝ፥ መቶ አባወራ ያለበትም ልጆችን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ የሰዋስው ትምህርት ቤት እንዲያቆም አዘዙ። የመምህሩን ደመወዝ ግን ሸንጎው አልከፈለም፤ ወላጆች ወይም የመንደሩ ሰዎች በሙሉ ይክፈሉ ብሎ ለመንደሩ ተወው። ትእዛዙ ከበላይ ወረደ፥ ከረጢቱ ከበታች ተፈታ። ከዚህ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ ዘሩ በዚህች አጭር ሕግ ውስጥ ተቀብሮ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ሕገ መንግሥቱ ከመጻፉ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፥ በ1785፥ የአዲሱ መንግሥት ምክር ቤት በስተምዕራብ ያለውን ሰፊ መሬት ለሽያጭ አስለካ። መሬቱ ስድስት ማይል በስድስት ማይል እየሆነ ተከለለ፤ እያንዳንዱም ክልል በ36 ክፍል ተከፈለ፤ 16ኛው ክፍል፥ በእኛ ልክ ከስድስት ጋሻ በላይ የሚሆነው፥ ለሕዝብ ትምህርት ቤት መተዳደሪያ ይሁን ተባለ። በእኛ አገር ለደብር መሬት ይተከል እንደ ነበረ ማለት ነው። በ1787 የተጻፈው ሕገ መንግሥት ግን ስለ ትምህርት አንድ ቃል አልተናገረም፤ በ1791 የጸደቀው ዐሥረኛው ማሻሻያም ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠ፥ ለግዛቶችም ያልተከለከለ ሥልጣን ሁሉ የግዛቶች ወይም የሕዝቡ ነው አለ። ስለዚህ ማዕከሉ በትምህርት ነገር ምን ሥልጣን አለው? የሚለው ሰው ሕገ መንግሥቱን ይጠቅሳል፤ ከመጀመሪያውኑ እጁ ነበረበት የሚለውም ያንን 16ኛውን ክፍል ይጠቅሳል። ሕጉ ዝም ባለበት ነገር መሬቱ ተናግሯልና።

ግዛቶቹም ዝምታውን እንደየፈቃዳቸው ተረጐሙት። ማሳቹሴትስ በ1837 የትምህርት ጉባኤ አቋቁማ ሆራስ ማንን ዋና ጸሐፊ አደረገች፤ እርሳቸውም የሀብታምና የድኻ ልጅ በአንድ ጣራ ሥር የሚማርበትን ትምህርት ቤት ሲሰብኩ ኖሩ፤ በ1852 ደግሞ ልጆች በግድ እንዲማሩ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በደቡብ የነገሩ መልክ ሌላ ነው። ቨርጂኒያ በ1831 ጥቁሮችን ሰብስቦ ንባብና ጽሕፈት ማስተማርን በሕግ ከለከለች፤ ባሪያ ፊደል እንዳይቈጥር ያገዱ ሌሎች ግዛቶችም ነበሩ። በሰሜን በር የከፈተው የግዛት ሥልጣን በደቡብ በር ዘጋ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ማዕከሉ በየቤታችን አይግባ እያሉ ይጮኹ የነበሩት የደቡብ ሹማምንት፥ በ1850 ወደ ሰሜን ያመለጡ ባሮችን የፌዴራሉ መንግሥት አስይዞ እንዲመልስላቸው ጽኑ ሕግ አስወጥተዋል። ለተማሪ ቤት ግዛት፥ ለአመለጠ ባሪያ ማዕከል! እንግዲህ በዚህ ክርክር ውስጥ ሥልጣን የማን ነው የሚለውን ቃል ብቻ የሚሰማ ሰው ነገሩን አይደርስበትም።

በ1859 የቨርሞንቱ ጀስቲን ሞሪል እያንዳንዱ ግዛት ከመንግሥት መሬት ድርሻ ተሰጥቶት የእርሻና የእጅ ጥበብ ኮሌጅ እንዲያቆም ያቀረቡት ሕግ በሁለቱም ምክር ቤቶች አለፈ፤ ፕሬዚዳንት ቡካነን ግን ይህ የማዕከሉ ሥልጣን አይደለም ብለው መለሱት። በ1862፥ የደቡብ ተወካዮች ለጦርነት ከምክር ቤት ከወጡ በኋላ፥ ፕሬዚዳንት ሊንከን ፈረሙበት። ለእያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ልክ 30,000 ኤከር ለግዛቱ ተሰጠ። ያ መሬት አስቀድሞ የነባሩ ሕዝብ፥ ሕንዶች የተባሉት ወገኖች ርስት እንደ ነበረ አለመናገር ታሪክን መቁረጥ ይሆናል። የሕጉ ፍሬ እስከ እኛ ደርሷል። ከእነዚህ ኮሌጆች አንዱ በኦክላሆማ በ1890 የተመሠረተው ነው፤ ይኸው ኮሌጅ በ1952 በተደረገው ስምምነት መሠረት መምህራኑን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ፥ የዓለማያን፥ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን፥ የእርሻ ኮሌጅ አቋቋመ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ኦክላሆማ ድረስ ሄደው ጐብኝተውታል። የዓለማያው ኮሌጅ ይጠራበት የነበረው ስም «የእርሻና የመካኒክ ጥበባት» የሚል ነበር፤ ቃሉ ከሞሪል ሕግ የተወረሰ ነው። በዋሽንግተን ምክር ቤት አንድ ጊዜ የተጣለ፥ ሁለተኛ ጊዜ የተነሣ ሕግ፥ የሐረርጌን ገበሬ ልጅ አስተምሯል ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በ1867 የመጀመሪያው የፌዴራል የትምህርት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ሄንሪ ባርናርድም ከሦስት ጸሐፊዎች ጋር ተሾሙበት። ሥራቸው ቍጥር መሰብሰብና ዜና መንገር ብቻ ነበር፤ ይህንንም የሚፈሩ ሰዎች ተነሥተው በዓመቱ ከማዕረጉ አውርደው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አንድ ክፍል አደረጉት። በዚያው በ1867 ነፃ ለወጡት ጥቁሮች ትምህርት በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ይህ ዩኒቨርሲቲ ከ1879 ጀምሮ ከፌዴራሉ ግምጃ ቤት ገንዘብ ሲሰጠው ኖሯል። ሐኪሙ መላኩ በያን በጠላት ወረራ ዋዜማ ሕክምናን ተምረው የተመረቁት ከዚሁ ቤት ነው።

አሁን የዚህ ታሪክ እምብርት ነው ከምለው ላይ ደርሻለሁ፤ በብዙ መጻሕፍት ግን በአንድ መሥመር ይታለፋል። በ1880 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፥ ዕድሜያቸው ዐሥርና ከዚያ በላይ ከሆኑት የአገሪቱ ሰዎች መካከል ከመቶ 17 ያህሉ መጻፍ አይችሉም ነበር፤ ከጥቁሮቹ መካከል ግን ከመቶ 70 ያህሉ። ደቡብ በጦርነት ተቃጥሎ ደኽይቷል፤ የሚሰበሰበውም ግብር ለትምህርት ቤት አይበቃም። በሌላ ወገን በዋሽንግተን ግምጃ ቤት የጕምሩክ ቀረጥ ገንዘብ ተርፎ ይጠራቀም ነበር። የኒው ሃምፕሺሩ ሴናተር ሄንሪ ብሌር ይህን አይተው አንድ ሕግ አቀረቡ። በሕጉ መሠረት ማዕከሉ ለግዛቶች የትምህርት ገንዘብ ይሰጣል፤ አካፋፈሉም በሕዝብ ብዛት ሳይሆን ማንበብና መጻፍ በማይችሉት ሰዎች ቍጥር ልክ ይሆናል። ጨለማው ወደ በዛበት ብዙ፥ ወደ አነሰበት ጥቂት። የ1884ቱ ረቂቅ በስምንት ዓመት 77 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰጥ የሚል ነበር። ነጭና ጥቁር ለየብቻ የሚማሩባቸው ቤቶች እንዳሉ እንዲቈዩ ፈቅዷል፤ ይህ ጕድለቱ ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ በዘር ምክንያት እንዳይበላለጥ አዝዟል።

ሕጉን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ1884፥ በ1886ና በ1888 ሦስት ጊዜ አሳለፈው። ከደቡብ ሴናተሮችም የደገፉት ብዙዎች ነበሩ፤ ድኽነታቸውን ያውቁታልና። በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ግን ሦስቱንም ጊዜ ወደ ድምፅ ሳይደርስ ታፍኖ ቀረ። በማርች 1890 ለአራተኛ ጊዜ በሕግ መወሰኛው ፊት በቀረበ ጊዜ 31 ሰዎች ደግፈው 37 ተቃውመው ወደቀ። ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ እንላለን፤ ሰሙ የሚታየው፥ ወርቁ የተሸሸገው ነው። በዚያ ክርክር ሰሙ ሕገ መንግሥት ነበር፤ ትምህርት የግዛት ነው፥ ማዕከሉ ገንዘብ ከሰጠ ነገ መጽሐፉን፥ ከነገ ወዲያ መምህሩን እኔ ልምረጥ ይላል የሚል። ይህ ሥጋት ከንቱ ነው አልልም፤ ወደ ኋላ እንደምናየው እውነትም ነበረበት። ወርቁ ግን ሁለት ነው። አንደኛው የቀረጥ ነገር ነው፤ የግምጃ ቤቱ ትርፍ ለትምህርት ከዋለ ቀረጡ አይቀነስም ብለው የፈሩ ነጋዴዎችና ገበሬዎች ነበሩ። ሁለተኛው የዘር ነገር ነው፤ ያነበበ ጥቁር ድምፁን ይሰጣል፥ ውሉንም መርምሮ ይፈርማል። አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣም ሕጉ ሰውን ልመና ያስተምራል ብሎ ዘመቻ አደረገበት። ይህን ነቀፌታ ያነበበ የቅኔ ተማሪ ሳይስቅ አይቀርም፤ በየመንደሩ ቍራሽ ለምኖ የተማረ ሰው ሁሉ ልመና ዕውቀትን ሲያሳድግ እንጂ ሲገድል አላየምና።

ፍጻሜውን ተመልከቱ። ሕጉ በወደቀበት በዚያው በ1890፥ የሚሲሲፒ ግዛት አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣች፤ በውስጡም ድምፅ ሊሰጥ የሚሻ ሰው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ማንበብ፥ ወይም ሲነበብለት ተረድቶ መተርጐም አለበት የሚል ቃል አስገባች። ተረድቷል ወይስ አልተረዳም ብሎ የሚፈርደው ነጩ መዝጋቢ ነበር። እንግዲህ ለማስተማር ገንዘብ የተከለከለው ሕዝብ፥ ባለመማሩ ምክንያት ደግሞ ድምፅ ተከለከለ። ድምፅ ስላጣም ትምህርት ቤት የሚጠይቅለት ተወካይ አጣ። ይህ ቀለበት እስከ 1965 ድረስ ሳይበጠስ ቈየ፤ ሚሲሲፒም ልጆች በግድ እንዲማሩ የሚያዘውን ሕግ ያወጣችው ከግዛቶች ሁሉ ኋላ በ1918 ነው። በ1884 ሰባት ዓመቱ የነበረ ልጅ በ1918 የ41 ዓመት ሰው ሆኗል።

ነገር ግን የሕዝብ መንግሥት፥ ግዛትም ቢሆን፥ የትምህርት ጌታ ብቻዬን ነኝ ባለ ጊዜ የሚሆነውንም ማየት ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ነገር ድርሻ አላት። ነብራስካ በ1919 ስምንተኛ ክፍል ላልጨረሰ ልጅ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ የዛሬ ዘመን ቋንቋ ማስተማርን ከለከለች፤ ከጀርመን ጋር የተደረገው ጦርነት ያመጣው ጥላቻ ነበር። ሮበርት ማየር የሚባል የአንድ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህር የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በጀርመንኛ ሲያስነብብ ተገኝቶ ተቀጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1923 ቅጣቱን ሻረው። ኦሪጎን ደግሞ በ1922 በሕዝብ ድምፅ ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ይማሩ የሚል ሕግ አጸደቀች፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችን ለመዝጋት የታሰበ ነበር። የካቶሊክ ደናግል መነኰሳት ማኅበር ከሰሰ፤ በ1925 ፍርድ ቤቱ በአንድ ቃል ለመነኰሳቱ ፈረደ፤ ልጅ የመንግሥት ፍጥረት አይደለም፥ የሚያሳድጉት ወላጆቹ አቅጣጫውን የመምረጥ መብት አላቸው አለ። ዛሬ በአሜሪካ ባሉት ቤተ ክርስቲያኖቻችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናት ሀ ሁ ሲሉ የሚሰማ ካህን፥ በእነዚህ ሁለት ፍርዶች ጥላ ሥር መቆሙን ቢያውቅ መልካም ነው። ያዳናቸውም ግዛት አልነበረም፤ ከግዛት ያዳናቸው ማዕከሉ ነበር፤ ነገር ግን በግምጃ ቤቱ አይደለም፥ በዳኞቹ እንጂ።

በ1957 ሩሲያ ስፑትኒክን ወደ ሰማይ ባስወነጨፈች ጊዜ አሜሪካ ደነገጠች፤ በሕገ መንግሥት ስም ለሰባ ዓመት የተከለከለው ገንዘብ በጦር መከላከያ ስም በ1958 ተፈቀደ። ድንጋጤ ከምክር ይልቅ ፈጥኖ ከረጢት ይፈታል። ዋናው ግን የ1965ቱ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በቴክሳስ በልጅነታቸው በተማሩባት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ደጃፍ፥ የመጀመሪያ መምህርታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ፈረሙት። በብሌር ሕግ መለኪያው ፊደል ያልቈጠረው ሰው ነበር፤ በዚህኛው የድኻው ልጅ ቍጥር ሆነ። ካቶሊኮች ስለ ትምህርት ቤቶቻቸው፥ ሌሎች ስለ ሃይማኖትና ስለ መንግሥት መለያየት ያነሡት የቈየ ጠብ፥ ርዳታው ለትምህርት ቤቱ ሳይሆን ለልጁ ነው በሚል ቃል ታለፈ። ይህም ብልሃት ነው። በ1964 የወጣው ሕግ ደግሞ በዘር ለሚለይ ማናቸውም ቤት የፌዴራል ገንዘብ አይሰጥም ብሎ ነበርና፥ አሁን የሚከለከል ገንዘብ ስለ ተገኘ ሕጉ ጥርስ አወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 መለያየትን ከሻረ ከዐሥር ዓመት በኋላ በደቡብ ከነጮች ጋር የሚማሩት ጥቁር ልጆች ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ1968 ከመቶ ከሃያ በለጡ። ከመቶ አሥሩ ድርሻ ለምን ይህን ያህል እንደሚያጣላ የጠየቀ ሰው መልሱ ከዚህ አለ።

ይሁን እንጂ ማዕከሉም ፊቱን የሚመልስበት ጊዜ አለ። በሳን አንቶኒዮ ከተማ ኤጅዉድና አላሞ ሃይትስ የሚባሉ ሁለት የትምህርት ወረዳዎች ነበሩ። ትምህርት ቤት የሚተዳደረው ባብዛኛው በቤትና በመሬት ግብር ነውና፥ ኤጅዉድ ድኻ ስለ ሆነ፥ ከሀብታሙ ወረዳ ይልቅ ከፍ ያለ የግብር መጣኔ እየከፈለም፥ ለአንድ ተማሪ ያገኘው 356 ዶላር ነበር፤ አላሞ ሃይትስ ዝቅ ባለ መጣኔ 594 ዶላር አገኘ። ዲሜትሪዮ ሮድሪጌዝ የሚባሉ አባት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 አምስት ለአራት ሆኖ፥ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ዘንድ መሠረታዊ መብት አይደለም ብሎ ፈረደባቸው። የ1787 ዝምታ በአንድ የሳን አንቶኒዮ አባት ላይ ፍርድ ሆኖ ተመለሰ። ጥቂት ቈይቶ፥ በ1989፥ ለኤጅዉድ የፈረደለት የራሱ የቴክሳስ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት ይናገር ነበርና።

ሚኒስቴሩ በ1979 በፕሬዚዳንት ካርተር ዘመን ተቋቋመ፤ ተከታያቸው ሬገን አፈርሰዋለሁ ብለው ተመርጠው ሳያፈርሱት ሄዱ። የሚያስገርመው፥ የግዛት መብት ጠበቃ ነኝ የሚለው ፓርቲ ሰው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ልጁ፥ በ2002 እስከዚያን ጊዜ ከነበረው ሁሉ የጠነከረውን የማዕከል ትእዛዝ መፈረማቸው ነው። ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሁሉ በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ ይፈተን፤ በ2014 ሁሉም ይብቃ የሚል ነበር። ሁሉም አልበቃም፤ በ2015 ሌላ ሕግ ወጥቶ ብዙው ሥልጣን ወደ ግዛቶች ተመለሰ። የ1890ዎቹ ሰዎች ማዕከሉ ገንዘብ ሰጥቶ ኋላ መጽሐፉን ይመርጣል ብለው የፈሩት ነገር፥ መጽሐፉን ባይሆን ፈተናውን በመምረጥ ደረሰ።

በዚህ ላይ የእኛን የቈየ ሥርዓት ማስታወስ ከነገሩ አያስወጣም። ድጓ የተማረ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አምባ፥ አቋቋም የተማረ ጎንደር ወጥቶ ያስመሰክር ነበር፤ ዛሬም የሚያስመሰክር አለ። ቤተ ልሔም ለየአጥቢያው መምህር ደመወዝ አትልክም፥ ሹመትም አትሰጥም፤ ነገር ግን በሸዋ የተማረውና በጎጃም የተማረው አንድ ዜማ እንዲያዜሙ ያደረገች እርስዋ ናት። ትእዛዝ የሌለበት አንድነት ነው። ዳሩ ግን ይህን ይዞ አሜሪካኖችን መገሠጽ አይገባም፤ የእኛ ጉባኤ ቤት እግሩ አድርሶት የመጣውን ተቀበለ እንጂ፥ ያልመጣውን ልጅ ከየቤቱ እፈልጋለሁ ብሎ ቃል አልገባም። የሕዝብ ትምህርት ቤት ግን ማንም አይቀርም ብሎ ቃል የገባ ቤት ነው፤ ጠቡም ከዚህ ቃል የመጣ ነው።

አንድ ነገር በተራው ሳልናገር ወደ ኋላ አቈይቼዋለሁ። በቨርጂኒያ ፕሪንስ ኤድዋርድ በሚባል ወረዳ፥ በፋርምቪል ከተማ፥ ለ180 ተማሪዎች የተሠራ የጥቁሮች ትምህርት ቤት በ1951 ከ450 በላይ ልጆች ታጭቀውበት ነበር፤ ትርፎቹ በሬንጅ ወረቀት በተሸፈኑ ጎጆዎች ይማሩ ነበር። በአፕሪል 23 ቀን ባርባራ ጆንስ የምትባል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጓደኞቿን አስነሥታ ከትምህርት ቤቱ አስወጣቻቸው። የመንደሩ ቄስ ፍራንሲስ ግሪፊን ከጎናቸው ቆሙ፤ ክሱም በ1954 መለያየትን ከሻሩት አምስት ክሶች አንዱ ሆነ። የወረዳው ሹማምንት ለሌላ አምስት ዓመት ሲያመላልሱት ቈዩ፤ በ1959 ነጭና ጥቁር አብረው ይማሩ የሚለው ትእዛዝ ማምለጫ ባጣ ጊዜ፥ ለትምህርት ቤት ግብር አንመድብም ብለው የወረዳውን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ዘጉ። ትምህርት የወረዳ ነው ከተባለ፥ ወረዳው አላስተምርም ቢልስ? የሚለውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ወሰዱት። ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተ፥ ግዛቱም የክፍያ ርዳታ ሰጠ። ጥቁሮቹ ግን አንዳንዱ ወደ ዘመድ፥ አንዳንዱ ወደ ሩቅ አገር ተላከ፤ ሌላው በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ጥቂት ተማረ፤ ብዙው ሜዳ ላይ ዋለ። ይህ እስከ 1964 ድረስ ቈየ። በዚያ ዓመት በግሪፊን ልጆች ስም በተጠራው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፥ ዳኛው አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው ወረዳው ግብር ጥሎ ትምህርት ቤቱን እንዲከፍት ሊያስገድድ ይችላል ብሎ ፈረደ፤ በመስከረምም ተከፈተ።

በ1959 አንደኛ ክፍል ሊገባ የነበረ ልጅ በሩ በተከፈተ ጊዜ ዕድሜው ዐሥራ አንድ ሆኖ ነበር፤ ዐሥራ አምስት ዓመት የነበረው ደግሞ ሃያ ሞልቶት ወደ ቀን ሥራ ሄዷል። በ2003 ወረዳው ለእነዚያ ሰዎች የክብር ዲፕሎማ ሰጠ። በ2004 የቨርጂኒያ ምክር ቤት፥ በዚያን ጊዜ በር የተዘጋባቸው ሁሉ ያቋረጡትን እንዲማሩ የሚከፍል ገንዘብ በሕግ መደበ። ከገንዘቡም ከፊሉ የግዛቱ ነበር። ያመለከቱት ሰዎች በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሃምሳንና ስድሳን የዘለቀ ነው፤ ልጆቻቸው ተምረው የጨረሱትን ትምህርት እንደ ገና ሊጀምሩ ደብተር ይዘው ገቡ።